አደራ ሰጥቶ መመነን፦ የአባ እንጦንስ ታሪክ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመነኮሳት የትውልድ ሐረግ ሲቈጠር መነሻው አባ እንጦንስ ነው። እንጦንስ መቃርስን፣ መቃርስ ጳኩሚስን፣ ጳኩሚስ አቡነ አረጋዊን በምንኵስና ወለደ እየተባለ እስከ ሀገራችን ገዳማት ይወርዳል። በየዓመቱ ጥር 22 ቀን በዓሉ የሚከበርለት ይህ አባት ሀብቱን ሁሉ ትቶ በመመነኑ ይታወቃል። ታሪኩን ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን የተወውን ለማን እንደተወው መመልከትም ትልቅ ትምህርት አለው።

ገድሉን የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አድርጎ የሾመውም እርሱ ነው።

እንጦንስ እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ በግብፅ ከባለጸጎች ቤት ተወለደ። ዕድሜው ወደ 20 ዓመት ሲጠጋ እናትና አባቱ ዐርፈው ታናሽ እኅቱን የማሳደግ ኀላፊነትና 80 ሄክታር ያህል ለም መሬት በእጁ ቀረ። ከዚያም ስድስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ጌታችን ባለጸጋውን ወጣት ንብረቱን ሸጦ ለድኆች ሰጥቶ እንዲከተለው ያዘዘበት ወንጌል ሲነበብ ሰማ። ቃሉ ለእርሱ የተነገረ ሆኖ ተሰማው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቤቱን ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለድኆች አከፋፈለ፤ ለእኅቱ ግን ጥቂት አስቀረ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ነገ መጨነቅ እንደማይገባ የሚናገረውን ወንጌል ሲሰማ የቀረውንም መጸወተ። እኅቱን ግን ሜዳ ላይ አልጣላትም፤ በንጽሕናቸው ለታወቁና ለሚታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ወጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያገኛት በድንግልና ኖራ፣ አርጅታ፣ ለሌሎች ደናግል መሪ ሆና ነበር። አደራው ፍሬ አፍርቷል።

በበረሃም ሳለ ከሰው ችግር አልራቀም። እንጀራ የሚያመላልሱለትን ሰዎች እንዳያደክም ጥቂት እህል ዘርቶ፣ ለእንግዶች የሚሆን አትክልት ተከለ። በ311 ገደማ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲነሣ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በወኅኒና በማዕድን ቍፋሮ የሚሠቃዩትን አገለገለ። ስደቱ ሲያልፍም ወደ በዓቱ ተመለሰ።

በ356 በ105 ዓመቱ ሊያርፍ ሲል የነበረው ንብረት የለበሰውና የተኛበት ብቻ ነበር። አንዱን የበግ ለምድና የተኛበትን ካባ ለአትናቴዎስ፣ ሁለተኛውን ለምድ ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን፣ የጠጉር ልብሱን ለሚያገለግሉት ሁለት ደቀ መዛሙርት አወረሰ። ካባውን አዲስ ሳለ የሰጠው ራሱ አትናቴዎስ ነበረ፤ በሰጪው እጅ የተመለሰው ከመነኵሴው ጋር አርጅቶ ነው። መቃብሩም ከሁለቱ በቀር ለማንም እንዳይነገር አዘዘ። የስሙን ክብር እንኳ ትቶት ሄደ።

ይህ ሥርዐት በኢትዮጵያም ታይቷል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዐፄ ካሌብ የናግራንን ክርስቲያኖች ለመታደግ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዘመተ። ከዚያ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚናገረው፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለገብረ መስቀል ትቶ፣ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሰ። ዘውዱም ዙፋኑም ተቀባይ ነበራቸው።

ልጆች የሚያሳድጉና ወላጆች የሚጦሩ ምእመናን ሁሉ ወደ በረሃ እንዲወጡ አልታዘዙም። ነገር ግን በስደት ሀገር በብዙ ድካም የተገኘ ቤትና ገንዘብ፣ በሰበካ ጉባኤም ለዓመታት የተያዘ ኀላፊነት፣ ቀስ በቀስ ልብን ሊያስር ይችላል። የደብር ምሥረታ በዓል ያለፉትን መሥራቾች ከማመስገን ጋር ቍልፉን ማን እንደሚረከብ የሚጠየቅበት ቀን ነው። ወራሹን ሳያዘጋጅ የሚሄድ ሥራውን ይበትናል፤ እስከ መጨረሻው ጨብጦ የሚይዝም ወራሹን ያደክማል። አባ እንጦንስ እኅቱን ለሚታመኑ ሰጥቶ በነጻነት ወጣ፤ እርስዋም አድጋ ሌሎችን መራች።

የአባ እንጦንስ በረከት በምእመናን ሁሉ ላይ ይደር፤ አሜን።