የዝዋይ ዓሣና የጉራጌ ደጋ



እምድብር ተቀምጦ ስለ ዓሣ መጻፍ ለአንዳንዱ ፌዝ ሊመስል ይችላል። የእንሰትና የክትፎ አገር ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው? ሆኖም ካርታ ዘርግቶ የወንዞቹን መንገድ በጣቱ የተከተለ ሰው፣ የጉራጌ ደጋ ለሁለት ሐይቆች ዓሣ አጥማጆች ውሃ ቀጂ መሆኑን ይረዳል። ከደጋው ወደ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ በዋቤ በኩል ጊቤን፣ በጊቤ ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ይገባል። ወደ ምሥራቅ በቡታጅራ አቅጣጫ የሚወርደው ደግሞ በመቂ ወንዝ ዝዋይን ይሞላል።

በዝዋይ ደሴቶች የኖሩት ዛዮች ከውሃ ዳር ቄጠማ በታሰረ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጥኛ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ስለዚህ ደጋውንና ሐይቁን የሚያገናኘው ውሃው ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን መንግሥት የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት አቋቁሞ፣ አጥማጆችን በማኅበር አደራጅቶ የሐይቁን ዓሣ ለአዲስ አበባ ማቅረብ ያዘ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ያ አደረጃጀት ተዳከመ፤ ሐይቁም መረብ ላለው ሁሉ ክፍት ሆነ። የጾም ወራት ገበያ ዋጋውን ሲያንረው፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ያልደረሰውን ቆሮሶ ሳይቀር ይጠርግ ጀመር።

ሕጉ ምን አለ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን ለክልሎች ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 51(11) ግን ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም የፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት እንዲሆን ደንግጓል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ወጥቷል። የሚያሳዝነው፣ አዋጁን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ዓይኑ የሚያርፈው ዳር ቆሞ መረብ በሚጎትተው ድኻ ላይ ነው። ወንዙን በፓምፕ የሚስበው፣ የተራቆተውን ተዳፋት አፈር ወደ ሐይቁ የሚሰደው፣ ኬሚካሉን ከእርሻው የሚለቀው ሌላው ሁሉ በዓሣ ጉዳይ አይጠየቅም። የዝዋይ ትርፍ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው አብያታ ሐይቅ፣ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ ኖሮ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው፣ ነገሩ የመረብ ዓይን ብቻ አለመሆኑን አይስተውም። ይህን ስል አጥማጁን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የነገውን ዓሣ ዛሬ የሚያወጣ ሰው በልጁ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ነገር ግን ከአራት ጥፋተኞች አንዱን ብቻ መቅጣት ፍትሕ አይባልም።

ከጎረቤት እንማር። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 በኪሱሙ ተፈራርመው የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ ሀብት ድርጅትን አቋቋሙ። አጥማጁ፣ የጀልባ ባለቤቱና ነጋዴዋ የሚገኙባቸው የባሕር ዳርቻ አስተዳደር አካላትም በሦስቱም አገሮች ተደራጁ። ሕገ ወጥ መረብ ከዚያ አልጠፋም፤ ሐይቁ ግን የሦስት መንግሥታት የጋራ አጀንዳ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሥር የጸደቀው የአነስተኛ ዓሣ አስጋሪዎች መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አጥማጁ የሚመከርበት ሳይሆን የሚመክር ይሁን። ቱርካና ከሚደርሰው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ስለሚመጣ፣ ከኬንያ ጋርም ይህን መሰል ምክክር የምንሸሸው ጉዳይ አይሆንም።

ሦስት ሉዓላዊ መንግሥታት የቻሉትን ሁለት ክልሎች እንዴት ያቅታቸዋል? በ2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የመቂ ወንዝ ራስጌ በአንድ ክልል፣ ግርጌው በኦሮሚያ ነው። የክልልና የዞን ጥያቄ ስንት ጉልበታችንን እንደበላ ሁላችን እናውቃለን። ካርታው በተቀየረ ቁጥር ወንዙ መንገዱን አልቀየረም።

እዚህ እምድብር ላይ ሆኜ ይህን ስጽፍ አንድ የቅርብ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅታቸውን ሲያቋቁሙ፣ ከተማ ያለው ነጋዴና ሊስትሮ ገጠር ላለው ወገኑ ከፍሏል። መንገዱ በማን ደጅ ያልፋል የሚለው ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም በጆካ ሸንጎ መነጋገርን የለመደ ሕዝብ ተነጋግሮ ሠራው። ያን ልማድ ወደ ውሃው ማምጣት ይቻላል። የመስቃን ገበሬ እርከን ሲሠራ የዝዋይ ውሃ ተጠቃሚ ወጪውን ይጋራ፤ በምላሹ የሐይቁ አጥማጅ የዓሣ መራቢያ ዳርቻዎችን ያስከብር፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በአንቀጽ 51 የተሰጠውን አደራ ተቀብሎ የፓምፑን ውሃ ይለካ።

ይህ ካልሆነ የነገው የዝዋይ ልጅ ቆሮሶን የሚያውቀው በሥዕል ይሆናል። ያኔ ደጋው «እኔ ዓሣ አልበላሁም» ብሎ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።