የግዕዝ ጸሎት በላቲን
የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ሥርዓት፣ ቡራኬና ቅዳሴ ወደ ላቲን ተተርጉመው በ1549 እ.ኤ.አ. በሮም ታተሙ። የሥራው አንቀሳቃሽ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው፤ አውሮፓውያን ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ ይሏቸው ነበር። በቫቲካን በነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀምጠው፣ በ1548 እና 1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳንም ከጓደኞቻቸው ጋር አሳትመዋል። በትርጉሙ ኢጣሊያውያን ሊቃውንት አግዘዋቸዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን የአገሩን ጸሎት ለላቲን አንባቢ ያቀረበው የአገሩ ልጅ መሆኑ ነው፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። አባ ተስፋ ጽዮን በ1552 አረፉ።

ከሦስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ደግሞ ላቲን በሌላ መንገድ አገለገለ። ከ1859 እስከ 1861 በቡና ምድር በከፋ የሰበኩት የካቶሊክ ካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ፣ ለሚስዮናውያን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን አዘጋጅተው በ1867 በፓሪስ አሳትመዋል።