ቀን የሚገባቸው ሰዎች

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን። ዛሬ የማወጋችሁ ከጂንካ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የማጎን ጫካ አልፎ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ስለሚኖር ሕዝብ ነው።

ካራ ይባላሉ። በደቡብ ኦሞ ከሚኖሩት ብሔረሰቦች መካከል በቁጥር ከትንሾቹ አንዱ ናቸው፤ ቢበዙ ጥቂት ሺህ ሰው ናቸው። ለብዙ ዘመን ኑሯቸው በወንዙ ላይ ቆሞ ኖሯል። ክረምት ሲመጣ ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ኦሞን ይሞላው ነበር፣ ከዚያም ውሃው ሲጎድል ጥቁር ደለሉን በዳርና ዳር ትቶ ይሄድ ነበር፣ ከዚያም በዚያ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፣ ማሽላው እስኪደርስ ወፍ እየጠበቁ ፀሐዩን ይችሉት ነበር።

በዚህ ሕዝብ ዘንድ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሚንጊ የሚባል ሕግ ነበር። ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ የላይኛው ከታችኛው ከቀደመ፣ ወይም ወላጆቹ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ሳያገኙ ከተፀነሰ፣ ወይም ከጋብቻ ውጪ ከተወለደ፣ ያ ሕፃን እርግማን ያመጣል ይባል ነበር፤ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ይባል ነበር። እናም እናት ልጇን ታቅፋ ድዱን በጣቷ ትዳብሳለች። ጥርሱ ከታች ከሆነ ፊቷ ይበራል፤ ከላይ ከሆነ ግን ጣቷን ታወጣና ዝም ትላለች። ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚመጣውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃኑ ወይ ወንዝ ይጣላል፣ ወይ ጫካ ይተዋል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በአንድ ነፍስ የመንደሩን ነፍስ ያዳኑ መስሏቸው ነበር። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ከዚህ ሕዝብ ላሌ ላቡኮ የሚባል ልጅ ተነሣ። ከካራ መጀመሪያ ፊደል ከቆጠሩት ልጆች አንዱ ነው፤ ለትምህርት የተላከውም ወደ ጂንካ ነበር። ከኦሞ ዳር እስከ ጂንካ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእግር ለሚሄድ የቀናት መንገድ። ቆላው ያቃጥላል፣ እሾሁ ይወጋል፣ ከዚያም አገሩ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ እንሰትና ቡና መታየት ይጀምራል፣ ከዚያም በአሪ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠችው ጂንካ ትቀበላለች። ቅዳሜ ገበያዋ ላይ አሪው ከደጋ ይወርዳል፣ በናው፣ ማሌው፣ ሙርሲው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ቋንቋው ባይገጥምም እህሉና ማሩ ይገናኛል።

ላሌ 15 ዓመት ሲሆነው፣ በመንደሩ ሽማግሌዎች ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ሲነጥቁ አየ። እናትየው ታለቅሳለች፣ የሚያስጥላት የለም። ከዚያም ወደ እናቱ ሄዶ ጠየቀ፣ እናቱም ደብቃ የኖረችውን ነገረችው፤ ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እህቶች ነበሩት፣ ሁለቱም ሚንጊ ተብለው ተገድለዋል። እስኪ አስቡት፣ ወገኖቼ፤ ልጁ ያን ቀን ሁለት እህቶች አገኘ፣ ያኑ ቀንም አጣቸው።

ከዚያ በኋላ ላሌ መጀመሪያ እኩዮቹን አነጋገረ፣ ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ልጅ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ልማዳችሁ ስህተት ነው ማለት በየትኛውም የአገራችን ጥግ ቀላል አይደለም፤ ለዚህም ነው ብልሃቱ የሚገርመኝ። ነገሩን እነሱ ከሚያምኑበት ጀመረ። ሕፃኑ እርግማን ካለበት ከመንደር ይራቅ እንጂ ለምን ይሞታል፣ ለእኔ ስጡኝና አርቄ እወስደዋለሁ የሚል ነበር ሐሳቡ። ከዚያም በ2000 ዓ.ም ገደማ፣ ጆን ሮው ከሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ሆኖ ኦሞ ቻይልድ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ጂንካ ላይም የልጆች ቤት ተከፈተ። አንድ ሁለት እያሉ ከ30 በላይ ልጆች ተሰበሰቡ፤ በሉ፣ ተጫወቱ፣ ትምህርት ቤት ገቡ። ኦሞም መፍሰሱን አልተወም፣ ካራም አልጠፋም።

ከዚያም በ2004 ዓ.ም ክረምት፣ የካራ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሚንጊ ከእንግዲህ ቀረ ብለው ወሰኑ። ቅድም ልብ በሉ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ልማዱን የሻሩት ሲጠብቁት የኖሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ለመንደሩ ነፍስ የሚጨነቀው ልባቸው ሕፃኑንም ጨመረ። በቀጣዩ ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ ላሌን ተስፋ ከጣለባቸው አሳሾቹ ተርታ አቆመው፣ በ2007 ዓ.ም ደግሞ ታሪኩ በፊልም ወጣ። እኛስ ምን አደረግንለት?

ለሰው ቀን እንዴት እንደሚቆምለት ለማየት እስኪ ወሬዬን ባሕር ላሻግረው። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ሜምፊስ ላይ በጥይት ተገደለ። በአራተኛው ቀን ጆን ኮንየርስ የሚባል የምክር ቤት አባል የኪንግ የልደት ቀን የአገር በዓል ይሁን ብሎ ሕግ አቀረበ። አልሆነም። ዓመት አለፈ፣ ደግሞ አቀረበ፣ ደግሞ አልሆነም። በ1979 ለጥቂት ድምፅ ቀረ። ከዚያም የኪንግ ሚስት ኮሬታ ደጅ ጠናች፣ ስቲቪ ዎንደር ዘፈነለት፣ 6 ሚሊዮን ሰው ፈረመ፣ ከዚያም በ1983 ፕሬዚዳንት ሬገን ሕጉን ፈረሙ። በዓሉ መጀመሪያ የተከበረው እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1986 ነው፤ በእኛ ጥር 12 ቀን 1978፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ማለት ነው።

እኛም ለሰው ቀን መስጠት አዲስ አይደለንም። በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 የልደታቸው በዓል ነበር፤ ዙፋኑ ሲወድቅ ቀኑም አብሮ ወደቀ። የኪንግ ቀን ግን የቆመው በለመነው ሕዝብ ትከሻ ላይ ነውና ፕሬዚዳንት በሄደና በመጣ ቁጥር አልተነቃነቀም። ከላይ የታዘዘ ቀን ካዘዘው ጋር ይሄዳል፤ ከታች የተጠየቀ ቀን ይሰነብታል።

ዛሬ በብሔራዊ በዓሎቻችን ዓድዋን እናከብራለን፣ ሚያዝያ 27ን እናከብራለን፤ ለነፃነት ለወደቁት ይገባቸዋል። ህዳር 29 ደግሞ በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ቀን ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ይባላል። ያን ቀን የካራ ወጣቶች ገላቸውን በነጭ አፈር አስውበው ይጨፍራሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ሕዝቦች ባህላቸውን እንዲያሳድጉ መብት ይሰጣል፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃን ሁሉ በሕይወት የመኖር መብት አለው ይላል። ሁለቱን አንቀጾች ያለ ዳኛና ያለ ፖሊስ ያስታረቁት እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ያህል ሥራ ሠርተው በጭፈራቸው ብቻ ሲታወቁ ዝም ማለት አይገባንም።

ስለዚህ የጂንካ ሰዎች፣ የደቡብ ኦሞ ሰዎች፣ አገሬዎች ሁሉ፣ ልለምናችሁ። በየዓመቱ ህዳር 29 ከበሮው ከመመታቱ በፊት የካራ ሽማግሌዎችና ላሌ ላቡኮ በስማቸው ይጠሩ፣ ታሪኩ በየትምህርት ቤቱ ይነገር፣ በአጎራባች መንደሮች ሚንጊ ገና ያልቀረባቸው ሽማግሌዎችም ተጋብዘው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይስሙት። ከዚያም ለላሌና ለካራ ሽማግሌዎች የራሳቸው ቀን እንዲቆምላቸው እንጠይቅ፣ እንፈርም፣ ደግመን እንጠይቅ። ለኪንግ 15 ዓመት ጠብቀውለታል፤ እኛም እንጠብቃለን፣ መጠየቁን ግን ዛሬ እንጀምር።