ፋትስ ዶሚኖና የኒው ኦርሊንስ የሐዘን ሰልፍ

በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት በምትገኘው በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ጥቁር ነዋሪዎች አባሎቻቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ሕሙማንን የሚያሳክሙና ሙታንን በክብር የሚቀብሩ፣ በአሠራራቸው ከእድር ጋር የሚቀራረቡ የመረዳጃ ማኅበራት አቋቁመው ነበር። ማኅበራቱ ለአባላቸው ቀብር ማርሽ ባንድ ያሰልፉ ስለነበር፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ሲሸኝ በዝግተኛ መዝሙር፣ ከቀብር መልስ ደግሞ በፈጣንና በሚያስጨፍር ምት የሚታጀብ ሥርዓት እየዳበረ ሄደ። ከባንዱ፣ ከቤተሰቡና ከማኅበሩ አባላት ኋላ እየጨፈረ የሚከተለው ሕዝብ «ሰከንድ ላይን» ወይም ሁለተኛው ረድፍ ይባላል፤ ከጊዜ በኋላም ስሙ የሰልፉና የምቱ ጭምር መጠሪያ ሆኗል።

ከሮክ ኤንድ ሮል ቀደምት ሰዎች አንዱ የሆነውን ፒያኒስትና ድምፃዊ ፋትስ ዶሚኖን አድናቂዎቹ ያሰቡበትን መንገድ ለመረዳት ከዚህ ልማድ መነሳት ይገባል፤ ሙዚቃው ራሱ ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነውና። አንቷን ዶሚኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆኑ ክሪዮሎች ተወልዶ፣ የመርከብ መተላለፊያ ቦይ ከቀሪው ከተማ በሚለየው ታችኛው ዘጠነኛ ቀጠና በሚባለው ሠፈር አደገ። ታኅሣሥ ወር 1949 ላይ ኮሲሞ ማታሳ በራምፓርት ጎዳና በሚያስተዳድረው ጠባብ ስቱዲዮ፣ ጥሩምባ ነፊውና ፕሮዲዩሰሩ ዴቭ ባርቶሎሚው ባለበት «ዘ ፋት ማን» የተሰኘውን ዘፈን ቀረጸ። በዚያ ቀረጻ ላይ የተጫወተው ከበሮ መቺው ኧርል ፓልመርና የሙያ ጓደኞቹ በጎዳና ሰልፍ የለመዱትን ምት ወደ ስቱዲዮ ይዘው ስለገቡ፣ የዶሚኖ ግራ እጅ የሚመላለስበት ወፍራም የባስ ዜማ ለእግር መንገድ እንደተሠራ ያህል ይራመዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሠራቸው ዘፈኖች ደግሞ ቀኝ እጁ መለያው በሆነው በትሪፕሌት፣ ማለትም አንዱን ምት ለሦስት እኩል ድምፅ በመክፈል፣ ይህን እርምጃ ያለማቋረጥ ያጅበዋል።

ዝናው ግን ያለ በደል አልመጣም። በ1955 ያወጣውን «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» ነጩ ዘፋኝ ፓት ቡን ደግሞ ሲዘፍነው በአገሪቱ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው የቡን ቅጂ ነበር፤ ይህም የቡን ቅጂ የተሻለ መሆኑን ሳይሆን በዘር የተከፋፈለውን የሬዲዮ ሥርጭትና ገበያ ያሳያል። በ1956 በ«ብሉቤሪ ሂል» ያገኘው ስኬት፣ ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1969 በአደባባይ የሰጠው አድናቆትና በ1986 በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ መሆኑ ይህን በከፊል ክሶታል። ዶሚኖ ከዚህ ሁሉ በኋላም ቤቱን የሠራው በዚያው በተወለደበት ሠፈር፣ በካፊን ጎዳና ላይ ነበር።

ከዚህም የተነሳ አደጋው ከጎረቤቶቹ ጋር አገኘው። ነሐሴ 2005 በካትሪና ማዕበል የቦዩ ግንብ ተደርምሶ ሠፈሩ ሲጥለቀለቅ ዶሚኖ ከቤተሰቡ ጋር በጀልባ ተርፎ ነበር፤ ወሬው ግን ስለጠፋ ሞቷል ብሎ ያመነ አንድ ሰው በቤቱ ግድግዳ ላይ የስንብት ቃል ጻፈ። በጎርፉ የተበላሸው ነጭ የስታይንዌይ ፒያኖው በአድናቂዎች እርዳታ ተጠግኖ በሉዊዚያና ግዛት ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል።

ጥቅምት 24 ቀን 2017 በ89 ዓመቱ ካረፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የከተማዋ ሕዝብ መቃብር በሚያጸዳበትና በአበባ በሚያስጌጥበት በቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ አድናቂዎቹ ከባይዋተር ሠፈር ተነስተው፣ ቦዩን ተሻግረው፣ በማርሽ ባንድ ታጅበው ወደ ቤቱ ተጓዙ። ሐውልት ከማቆም ይልቅ ይህ ሰልፍ ለዶሚኖ የተገባ ነበር፤ ተጓዦቹ በእግራቸው የረገጡት ምት እሱ ለዓለም ያሰማው ምት ነበርና። በ2022 የካፊን ጎዳና በስሙ ተሰየመ። ይሁን እንጂ ከጎርፉ በፊት በሠፈሩ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ማኅበራቱን የሚያቆሙትና ልጆቻቸውን ለባንዱ የሚያሠለጥኑት እነዚሁ ቤተሰቦች በመሆናቸው፣ የእነሱ መመለስ ከጎዳናው ስያሜ የበለጠ ክብደት አለው።