ጥበብና ጠቢብ በእንጦጦ ዙሪያ

ጥበብ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የልቡና ማስተዋል ነው፤ ሁለተኛው ሸማኔ በነጠላና በቀሚስ ጫፍ በቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥ ነው። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም ጠይብ ይባላሉ፤ ይህም ስም ጠቢብ ከሚለው ቃል ጋራ ዘሩ አንድ ነው። ነገር ግን ለክብር የወጣው ስም በሰው አፍ ስድብ ሆኖ ኖረ። ገበሬው ማረሻውን፥ እመቤቲቱ ምጣዷን ከጠይብ እጅ ይቀበሉ ነበር፤ ተቀብለውም ሠሪውን ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ከትመው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከተማና ቤተ ክርስቲያን ያለ ባለ እጅ አይቆምምና፥ በተራራው ግርጌ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች፥ በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ተቀመጡ። በተራራው ጀርባ ያለችው ሱሉልታ፥ በምዕራብ ያለችው ቡራዩ፥ በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታም ከዋና ከተማይቱ ገበያ ጋራ ተሳስረው አደጉ። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ግን የልብን ልማድ በአንድ ቀን አልለወጠም።

ይህ ንቀት ከሁሉ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ አይገባም። ባለ ቅኔ የሚመካበት ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ቤት ነውና። አንጥረኛው አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰው በኋላ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ቢሆን፥ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስም ቢሆን፥ የዚህ አንጥረኛ ደቀ መዝሙር ነው። ከበሮው የፋቂን ቆዳ፥ ጸናጽሉ የቀጥቃጭን መዶሻ፥ መጽሐፉ የብራና ዳማጭን ድካም ይመሰክራል። የሙሴን ድንኳን የሠሩት ባስልኤልና ኤልያብም የእጅ ጥበባቸውን የተቀበሉት ከእግዚአብሔር ነው።

ልማዱን የሚያርም ምሳሌም ከቅርብ አልታጣም። በሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል መነኮሳይያት ጸሎትን ከእጅ ሥራና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከማሳደግ ጋራ አስተባብረው ይዘዋል። በሱሉልታ የሚያልፈው መንገድ ወደ ሰላሌና ወደ ደብረ ሊባኖስ ይወስዳል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን የሆኑት የሰላሌው ተወላጅ አለ ፈለገ ሰላምም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። አባቶች በየደብሩ ግድግዳ ያስተማሩት ሙያ ስለዚህ የትምህርት ገበታ ሆነ።

እንግዲህ በበዓል ቀን በካህኑ ትከሻ ላይ ያማረውን ካባ ያየ ምእመን፥ በማግሥቱ በገበያ የሚያገኘውን ሸማኔ ያክብር፤ ዋጋውንም አያጕድልበት። ልጁ የእጅ ሥራ መማር ቢወድ አይከልክለው። ጠይብ የሚለው ስም ወደ ጠቢብ የሚመለሰው በዐዋጅ ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።