ሼክስፒር በሰንጋ ተራ

በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ስለ ተውኔት ትምህርት መጻፍ ለአንዳንድ ባልደረቦች እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጀመረው በሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ሳይሆን በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት በመሆኑ፣ እኛን የሙያ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከተናል።

ስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውሰው ሰንጋ ተራ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሰፈር ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ድርጅቶች የሒሳብና የጽሕፈት ሠራተኞችን ያፈራ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ ቦዳ በተባለ ሥፍራ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በጄኔራል ዊንጌትና በዚሁ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ከሰንጋ ተራ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ተከፈተ። የሒሳብ መዝገብና የተውኔት መድረክ ጎረቤታሞች ሆኑ ማለት ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ሼክስፒርም ወደ ክፍል የገባው በዚሁ በር ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። በ1616 እ.ኤ.አ. የሞተው ደራሲ ቋንቋ ለእንግሊዛዊ ተማሪ እንኳ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን በባዕድ ቋንቋ ላይ የተደረበ ሌላ ባዕድ ቋንቋ ነው።

ለዚህ ችግር መልስ የሰጡት ተርጓሚዎቻችን ናቸው። ክቡር ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን በአማርኛ አቀረቡ። በርእሱ ላይ ያለችው «ዡ» ደራሲው የፈረንሳይኛ ትምህርት ሰው እንደ ነበሩ ታስታውሰናለች። ሎሬት ጸጋዬም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ተርጉመዋል። የሼክስፒር ስንኝ በአመዛኙ 10 ቀለማት ሲኖሩት፣ የእኛ ወል ቤት 6 እና 6 ሆኖ ይሄዳል። በስማቸው «ጸጋዬ ቤት» የተባለው ስልት ደግሞ በ8 ቀለም ይመዘናል። ሕንፃን ከአንድ አፈር ወደ ሌላ አፈር ለማዛወር መሠረቱን እንደገና ማስላት ግድ እንደሚሆን ሁሉ፣ ተውኔትም እንዲሁ ነው።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ ኦቴሎን የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ለፈተና ያህል የደራሲውን ስምና የታሪኩን ጭማቂ ሸምድጄ አልፌአለሁ። የአማርኛውን ኦቴሎ ያነበብሁት መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ነው። ያን ያህል ጦር የመራ ጀግና በአንዲት መሐረብ ሰበብ ሲፈርስ ሳይ፣ ትንሿ ብሎን ስትላላ የሚናጋው ድልድይ ታወሰኝ። መሐረቧን የጣለችው ዴዝዴሞና ናት፤ ጥርጣሬውን የዘራው ኢያጎ ነው፤ ሳይመረምር ያመነው ግን ኦቴሎ ራሱ ነው። ማስረጃን ሳያረጋግጡ መፍረድ የሚያስከትለውን ጥፋት ከዚህ በላይ ያስተማረኝ የምሕንድስና መጽሐፍ የለም። ያዘንሁትም ይህን በ16 ዓመቴ ሳላገኘው በመቅረቴ ነው።

ስለሆነም በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የአማርኛውን ትርጉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ከዚያም አንዱን ትዕይንት ከጓደኞቹ ጋር ተነሥቶ ይጫወት፤ በመጨረሻም እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመዛዝን። ተውኔት የተጻፈው ለመድረክ እንጂ ለፈተና ወረቀት አይደለምና። ይህም የሁለቱንም ቋንቋ ዕውቀት ያዳብራል እንጂ አንዱን በሌላው አያስረሳም።

ሎሬት ጸጋዬ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ትርጉሞቻቸው ግን ዛሬም አንባቢ ይጠብቃሉ። ንግድ ይማርበት ከነበረ ክፍል የሐምሌት ተርጓሚ ከወጣ፣ ቴክኒክ ከሚማሩት ልጆቻችን መካከል ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ማን ያውቃል? የእኛ ድርሻ መጽሐፉን በእጃቸው ማስገባት ነው።