ግዞት የወለደው ጉዞ

በቱርክ አገር፥ በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፥ ቦድሩም የምትባል ከተማ አለች። እርስዋም በጥንት ስሟ ሐሊካርናሶስ ትባል የነበረች፥ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ የተወለደባት ናት። ዛሬ ብዙ መንገደኛ ጉሌት በሚባለው የእንጨት መርከብ ተሳፍሮ ከወደብ ወደ ወደብ እየተዘዋወረ ዕረፍቱን ያሳልፍባታል። የዚህን ልማድ መነሻ ስንመረምር ግን የምናገኘው ባለጸጋን ሳይሆን ግዞተኛን ነው።

ጸሐፊው ጄቫት ሻኪር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም.፥ ከጦር ስለ ኰበለሉ ወታደሮች በጻፈው ታሪክ ምክንያት ለሦስት ዓመት ወደ ቦድሩም እንዲጋዝ ተፈረደበት። ያን ጊዜ ከተማዪቱ ሕዝቧ ዓሣ በማጥመድና ሰፍነግ ከባሕር በማውጣት የሚኖር፥ ከዋናው መንገድ የራቀች ነበረች። እርሱ ግን የተጋዘበትን ስፍራ ወደደው፤ ቅጣቱን ከፈጸመም በኋላ ተመልሶ ለብዙ ዘመን ኖረበት፤ የብዕር ስሙንም «የሐሊካርናሶስ ዓሣ አጥማጅ» አለው።

ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ወዳጆቹን ደራስያን በሰፍነግ አውጪዎች ጀልባ እያሳፈረ፥ በባሕሩ ዳር የፈረሱትን ጥንታውያን ከተሞች ያሳያቸው ነበር። ምቾት አልነበረም፤ ጨዋታና ትምህርት ግን ሞልቶ ነበር። ከነዚህ አንዷ፥ ደራሲት አዝራ ኤርሃት፥ በ1962 «ሰማያዊ ጉዞ» የሚል መጽሐፍ አሳተመች፤ ስሙም ለልማዱ መጠሪያ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በጉሌቱ ውስጥ የመኝታ ክፍል ተሠራለት፤ ብዙውን ጊዜም በሸራው ፈንታ ሞተር ይነዳዋል። በዚህ ማንንም አንነቅፍም። ነገር ግን የጉዞውን ታሪክ የማያውቅ መንገደኛ ውሃውን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ እንሠጋለን፤ የፊተኞቹ ተጓዦች ወደዚያ የሄዱት ለማወቅ ጭምር ነበርና።